ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሰዓት ለመሸጥ ነበር። ሚዛን ተፈሪ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከቡና መጋዘን ጎን የሙክታር ጌም ቤት ነበረች። ደንበኛ ሲገባ ስልክ አከራያለሁ፣ ቻርጀር እሰካለሁ፣ የከፈለበት ጊዜ ሲሞላ «አለቀ» እላለሁ። ሙክታር ሲቀጥረኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጎረምሳ ትፈሪያለሽ?»

«እነሱ ይፍሩኝ እንጂ» አልኩት። ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥጉ ላይ አራት ልጆች ተቀምጠው አምስተኛ የሚሆናቸውን ሰው ከመንገድ ጎትተው እየተጫወቱ ነበር። ጨዋታውን እናንተ የምትጫወቱት ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ ላስረዳ። አምስት ለአምስት ነው። እያንዳንዱ በስልኩ አንድ ተዋጊ ይመራል። ሁለቱም ወገን ዋና ቤት አለው፤ ወደዚያ የሚወስዱ ሦስት መንገዶች አሉ፤ መንገዶቹ ላይ የሚተኩሱ ማማዎች ቆመዋል፣ በመሀላቸው ጫካና ወንዝ አለ። የጠላትን ዋና ቤት ያፈረሰ አሸነፈ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም በየመንገዱ ለየራሱ ይታገላል። ጨዋታው የሚወሰነው ግን አምስቱም አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲጋጠሙ ነው። እሱን ቲም ፋይት እንለዋለን። ተጀመረ ሲባል ያልቃል፤ አንድ ሰው ዘግይቶ ከደረሰ አልደረሰም ማለት ነው።

እነዚያ ልጆች ቲም ፋይት ሲገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ። አንዱ በቤንችኛ፣ ሁለቱ በሸኮኛ፣ አንዱ በአማርኛ። ተሸነፉ። ደግመው ገቡ፤ ደግመው ተሸነፉ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም።

«ገበያ ነው እንዴ?» አልኳቸው ከባንኮኒው። «አንዳችሁ ተናገሩ፣ ሌላችሁ ስሙ።»

ከመካከላቸው ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ አንድ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ምትኩ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ጎን ካለው መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። «እስቲ አንቺ ተናገሪ» አለኝ። እያሾፈ መስሎኝ ነበር፤ አላሾፈም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

እንዲህ ነው ጠሪ የሆንኩት። አምበሉ ሌላ ነው፣ ጠሪው ሌላ። አምበል ቡድኑን ያስመዘግባል፣ ይፈርማል። ጠሪ ማን መቼ የት እንደሚገባ ይወስናል፤ ያንንም በአፉ ይናገራል። እያደር እኔም አምስተኛዋ ተጫዋች ሆንኩ። የምይዘው የረዳት ቦታ ነበር። ረዳት ብዙ አይገድልም፤ ሌላውን ይፈውሳል፣ ይጋርዳል። እጁ ሥራ ስለማይበዛበት ለመናገር ይመቸዋል።

መጥራትን የተማርኩት ግን ከጨዋታ አይደለም። ከአባቴ ነው።

አባዬ፣ ጋሽ ደምሴ፣ የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ከሰሜን በልጅነቱ መጥቶ ሚዛን የቀረ ሰው ነው። እናቴ ሳላውቃት ስለሞተች ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ሰው ሲሞት የዕድሩ ዳኛ ይልክበታል፤ ጥሩምባውን ከሚስማሩ ያወርድና ገና ሳይነጋ ይወጣል። ትንሽ ሆኜ አብሬው እዞር ነበር። አንድ ጊዜ ይነፋል፣ ይቆማል፣ ከዚያ የሚለው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የሟቹን ስም፣ የሚቀበርበትን ቦታ፣ ሰዓቱን።

«ለምን ሌላ አትልም?» አልኩት አንድ ቀን። «ደግ ሰው ነበር፣ ታሞ ነበር፣ ምናምን?»

«እንዴት ሞተ የሚል እዚያው ሄዶ ይጠይቅ። ጠሪ ካለቀሰ ሰሚው ስሙን አይሰማም።»

ሌላም ነገር አለው። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሩቁ ሰፈር ነው። ከወንዙ ማዶ ካሉት ይጀምርና እየተጠጋ እየተጠጋ ይመጣል፤ የእኛን መንደር መጨረሻ ይጠራል። ሩቅ ያለው ብዙ ይሄዳልና ቀድሞ ይስማ ነው ነገሩ። ሁሉም እኩል ይደርሳል። ሰው ለምን አልመጣም ሲባል ደግሞ ወቀሳ አይወድም። «የማይመጣ ሰው የለም» ይላል። «ያልሰማ ነው ያለው።»

ጥሩምባውን ልንፋ ብዬ ጠይቄው ነበር። ሴት አትነፋም አለኝ። «መጥራቱን ግን ትችያለሽ፤ አንደበትሽ የእኔ ነው» አለ። አኩርፌ ነበር፤ በኋላ ገባኝ።

ጌም ቤት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ማታ እራት ላይ ጠየቀኝ።

«ሥራሽ ምንድነው አሁን?»

«ሰው መጥራት።»

«ለማን ለቅሶ?»

«ለውጊያ ነው አባዬ። በስልክ።»

«እሱም መጨረሻው ለቅሶ ነው» አለና እጁን ታጠበ።

የእሱን አጠራር እንዳለ ወስጄ ልጆቹ ላይ ጫንኩት። ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት። «ምትኩ፣ ወንዝ፣ አሁን።» «ናቲ፣ ከኋላ፣ ቆይ።» ሌላ ቃል የለም። ማዘን፣ መሳደብ፣ ማመካኘት ከውጊያው በኋላ ነው። በአማርኛ ብቻ እንጠራለን ብዬም ደነገግኩ፤ ቋንቋችሁን ንቄ አይደለም፣ አምስታችንም የምንሰማው እሱን ስለሆነ ነው። ሸኮኛ የሚያወሩት ሁለቱ ወንድማማቾች መጀመሪያ ላይ ቅር አላቸው። ሁለት ጊዜ ስናሸንፍ ተዉት።

ወንድማማቾቹ ካሳና ደሳለኝ ይባላሉ። ሚዛን ተምረው ጨርሰው ወደ አገራቸው ወደ ቴፒ ከተመለሱ በኋላ ከዚያው ሆነው ይጫወቱ ጀመር፤ የእነሱ ኔትወርክ ደግሞ ይንቀራፈፋል። «አሁን» ስላቸው ተዋጊያቸው የሚንቀሳቀሰው ዘግይቶ ነው። ውጊያው አልቆ የእነሱ ጥይት ይመጣል። አራተኛው ልጅ ናቲ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለ ያበግናቸው ነበር። ልንበተን ስንል የአባዬ ነገር ትዝ አለኝ። ከሩቁ መጀመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ ካሳንና ደሳለኝን እጠራለሁ፣ ቀጥሎ ናቲን፣ መጨረሻ አጠገቤ የተቀመጠውን ምትኩን። አራቱም እኩል ይደርሳሉ። ሌሎች ቡድኖች እንዴት እንደምናደርገው ግራ ይገባቸው ነበር።

ናቲ የመምህር ልጅ ነው። ከሩቅ የሚተኩሰውን ተዋጊ ይይዛል፤ የገደለውን እየቆጠረ ይኮራል። ደንበኛ ከኋላው ቆሞ የሚያጨበጭበው ለእሱ ነው።

ለምትኩ የሚያጨበጭብ የለም። ምትኩ ታንክ ነው። ታንክ ማለት ቀድሞ የሚገባው፣ ምቱን ሁሉ የሚቀበለው ነው። እሱ ላይ ሲረባረቡ ሌሎቻችን እንገባለን። ጥሩ ታንክ አብዛኛውን ጊዜ ውጊያው ሲያልቅ ሞቷል።

አንድ ዝናባማ ቀን፣ ደንበኛ ጠፍቶ ሳለ ስሜን ጠርቶ ጠየቀኝ። «ስንቴ፣ እኔ ሁሌ ሟች ነኝ?»

«ሟች አይደለህም። በር ከፋች ነህ።»

«በር ከፋቹ ግን ቤቱን ገብቶ አይቶት አያውቅም» አለኝ።  ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰማን። በሚቀጥለው ጨዋታ «ምትኩ፣ አሁን» ስለው እንደ ወትሮው ገባ።

ዕቅድ የምናወጣው ባንኮኒው ላይ ነው። ከመጋዘኑ ጆንያ የሚንጠባጠብ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ አለ፤ እሱ ጠላት ነው። የበቆሎ ፍሬ እኛ ነን። ጀንፈሉን እደረድርና «እዚህ ቢቆሙ ማን ይገባል?» እላለሁ። አንዱ በቆሎውን ያንቀሳቅሳል። ከተሳሳተ እጁን በእስክሪብቶ እመታዋለሁ። ሙክታር አንድ ቀን መጥቶ ቢያየን «ይሄ ጠንቋይ ቤት ነው ጌም ቤት?» አለ።

ሙክታር ክፉ ሰው አይደለም። ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው ሚዛን የነገዱ ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገው። ግን የቡና ሰሞን ሲደርስ ጌም ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ጎረምሳው ሁሉ ለቀማ ይወርዳል። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል። የጎኑ መጋዘን ባለቤት ደግሞ ቤቱን አከራየኝ እያለ ይነዘንዘዋል። ለአዲስ አበባው ውድድር የማጣሪያ ጨዋታ ስንገባ ሙክታር ሰበሰበን።

«ካለፋችሁ ቤቱ ስም ያገኛል፣ እይዘዋለሁ» አለ። «ካላለፋችሁ ለቡናው አከራየዋለሁ። አትቀየሙኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

አልተቀየምነውም። ምን አስይዘን እንደምንጫወት ግን አወቅን። ቤቱ ከተዘጋ እኔ ሥራ የለኝም፣ እነሱ የሚገናኙበት የለም። ሚዛን ውስጥ ከዚያች ቤት ሌላ የሚያስቀምጠን አልነበረም።

በማጣሪያው ተጋጣሚዎቻችንን እየጣልን መጣን፤ የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት ላይ ወደቀ። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። የቴፒዎቹ ኔትወርኩን ፈርተው በሚኒባስ ሚዛን ገቡ። አምስታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁርጥ ጨዋታ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ደስታ ራሱ ያመኛል።

አባዬ ከክረምቱ ወዲህ ያስለው ነበር። ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ አጥር ተደግፎ ያርፋል። ዕድሩ ሌላ ሰው ይተካ ሲለው ይቆጣል። ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ፤ መድኃኒቱን ይረሳል፣ ሳስታውሰው ይስቃል። በዚያ እሑድ ጠዋት ተኝቶ አገኘሁት።

«ዛሬ ማንን ትጠሪያለሽ?» አለኝ።

«የዛሬው ትልቅ ነው አባዬ። ካሸነፍን አዲስ አበባ ነን።»

«ሂጂ በይ። እኔስ ዛሬ የምጠራው ሰው የለኝም፤ እተኛለሁ።»

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ሾርባ ታመጣለታለች። እሷን አደራ ብዬ ወጣሁ። ጥሩምባው ከራስጌው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን። ሁለተኛውን ናቲ ተስገብግቦ ብቻውን ገባና ተሸነፍን። ሦስተኛው ሳይጀመር እረፍት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን የማስነሳው እኔ ስለሆንኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ነዳጁ አልቆ ነበር፤ ቀዳሁ፣ ገመዱን ስቤ ስቤ አስነሳሁት። ስመለስ እጄ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

 ወንድማማቾቹ ወለሉን ያያሉ። ናቲ ጥፍሩን ይበላል። ሽንፈቱ ነው የያዛቸው አልኩ። ሙክታር ከጎረቤት ምግብ ቤት ጥብስ አስመጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀምጧል።

«ብዪ» አለኝ።

«ምን ነካህ ዛሬ? ደግሞ ቸር ሆንክ። ጨዋታው ይለቅና እበላለሁ።»

«አይ። አሁን ብዪ።»

«ሙክታር፣ አልራበኝም።»

«ለእኔ ስትይ ብዪ፣ እህቴ።» እህቴ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጅት ነው የሚለኝ። ሰውዬው ቤቱን ላለማጣት ጨንቆታል ብዬ አዘንኩለትና በላሁ። ሌሎቹ አልነኩትም። እጄን ስታጠብ ምትኩ ማንቆርቆሪያውን ያዘልኝ።

«ስንቴ፣ ይሄን ቶሎ እንጨርሰው» አለኝ።

«እንደሱ ነው ወንድ» አልኩት።

ሦስተኛው ጨዋታ ተጀመረ። ከመጀመሪያው ጠሪ አልነበርኩም ማለት ይቻላል፤ እጠራለሁ፣ እጃቸው ግን ሌላ ቦታ ነው። የላይኛው መንገድ ማማ ወደቀ። የመሀሉ ወደቀ። «ደሳለኝ፣ ታች፣ ተመለስ» እላለሁ፤ አይመለስም። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ አባዬ ሰው ሲደናገጥ ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ወንዙ ዳር ያለውን ትልቁን አውሬ ጠላት ሊገድል ሲሰበሰብ አየሁ። ያንን አውሬ የገደለ ኃይሉን ይወስዳል፤ እዚያ ካገኘናቸው ግን ጨዋታው ይገለበጣል። ባንኮኒው ላይ በጀንፈልና በበቆሎ ስንት ጊዜ የደረደርነው ውጊያ ነው።

ሁሉም አጠገቤ ቢሆኑም እንደ ለመድኩት ከቴፒዎቹ ጀመርኩ። «ካሳ፣ ወንዝ፣ ተነስ። ደሳለኝ፣ ወንዝ፣ ተነስ። ናቲ፣ ከኋላ፣ ቆይ። ምትኩ፣ ወንዝ፣ አሁን።»

ገባሁ። ምትኩን ልጋርድ ከጎኑ መሆን አለብኝ፤ እሱ ግን የለም። የካርታው ጥግ ላይ አየሁት። ዋናው ቤታችን በር ላይ ቆሟል። አራቱም እዚያው ቆመዋል።

«ምትኩ፣ ወንዝ፣ አሁን» አልኩ ደግሜ። ደግሜ ጠርቼ አላውቅም ነበር። አምስቱም ጠላት እኔ ላይ ወረዱ። ስክሪኔ ግራጫ ሆነ።

የጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ምላሴን አውቃታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ክፉ ሆና አታውቅም።

«እናንተ» አልኩ፣ «ለቅሶ እንኳ የማትደርሱ። ጥሩምባ ቢነፋላችሁ የማትነሱ።»

 ናቲ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ነገሬ ቆረጠው አልኩ፤ ይቁረጠው። ዋናው ቤታችን እየፈረሰ አየሁት። አለቀ። አዲስ አበባ ቀረ፣ ጌም ቤቱም ቀረ።

ሙክታር እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት ደንበኞቹን «ውጡ፣ ዘግተናል» አላቸው። ለመጋዘኑ ቸኩሎ ነው ብዬ እሱንም በልቤ ሰደብኩት።

ወደ ቤት ስሄድ አራቱም ተከተሉኝ። ናቲ ቤቱ በተቃራኒው ነው፤ እሱም መጣ። ምትኩ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወስዶ ያዘ። ካፊያ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እኔ አላቆምኩም። ማን የት መቆም እንደነበረበት፣ ማን እንዳጠፋ፣ ናቲ እንኳን በመጨረሻው መግባት ይችል እንደነበረ እያወራሁ ነው የምሄደው።  ካሳ አንድ ቦታ ላይ አፍንጫውን ሲያብስ አየሁት። ብርድ ነው አልኩ።

የእኛ መንደር ጋ ስንደርስ ሰው አየሁ። ወንዶች ከጣሪያችን ጠፈጠፍ ሥር ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ አሉ። እትዬ አስቴር ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

«ማን ሞተ?» አልኩት ምትኩን። «አባዬ ጥሩምባ ሲነፋ አልሰማሁም እኮ።»

ከአፌ እንደወጣ ነገሩ ገባኝ። እኛ ሰፈር አባዬ ሳይነፋ ሰው አይሰበሰብም። እሱ ሳይነፋ የሚሰበሰብበት ለቅሶ አንድ ብቻ ነው። ምትኩ ከኋላዬ ያዘኝ። ጋሽ ወልዴ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ጮኼ ነበር።

የሆነውን ምትኩ ከሰልስቱ በኋላ ነገረኝ። እትዬ አስቴር ሾርባውን ይዛ ስትገባ አባዬ አልነቃም። ጋሽ ወልዴ ጌም ቤት የመጡት እኔ ጓሮ ጄኔሬተር ሳስነሳ ነው። የአገሩን ልማድ ታውቃላችሁ። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ጓደኛ አይናገረውም። ሰውየው በልቶ ቤቱ ይገባል፤ ሽማግሌ ይነግረዋል። «አብልታችሁ አምጡልን» ብለዋቸው ሄዱ።

ናቲ ጨዋታውን እናቁም ብሎ ነበር። ምትኩ እንቢ አለ። «ያለምክንያት አትነሳም፤ ስንቴን አላወቃችኋትም እንዴ?» አላቸው። «ምክንያቱን ከጠየቀች ደግሞ ፊታችን ይናገራል። ይለቅ።» አሸንፈን እንጨርሰው ያለም ነበር፤ ጠላት ጠንካራ ነው፣ ማሸነፍ ጊዜ ይወስዳል። መሸነፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ተስማምተው ቆሙ። አዲስ አበባን፣ ቤቱን፣ የከረምንበትን ሁሉ ዋናው ቤታችን በር ላይ ቆመው ለቀቁት። ሙክታርም ያውቅ ነበር፤ እሺ ብሏቸዋል።

«‹አሁን› ስትይ እጄ ሊሄድ ነበር» አለኝ ምትኩ። «በሌላው እጄ ያዝኩት።»

ተናደድኩባቸው። ውሸት አልናገርም፣ ለረጅም ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ። አባቴ ሞቶ ተኝቶ እኔ ጥብስ በላሁ። አባቴ ሞቶ እኔ ስለ ወንዝ ዳር አውሬ ጮህኩ። ልማዱ ደግ ነው ይላሉ፤ ለማን ደግ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እነሱን ግን መጥላት አልቻልኩም። ስሰድባቸው አንዳቸው «አባትሽ ሞቷል» ቢለኝ አፌን ባስያዘኝ ነበር። አላሉም።

በመርዶው ዕለት ማታ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አስጨነቃቸው። ጥሩምባው ከአባዬ ራስጌ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አስከሬኑ ከሥሩ ነው። ተተኪ አልተሾመም። ዕድሩ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ጥሩምባውን የሚያወርድ ሰው ጠፋ። አንዱ አንዱን ያያል።

ምትኩ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «በአፍ አይሆንም?» አለ።

ጋሽ ወልዴ አዩት። «ማን ይጠራል?»

«እኛ።»

ሊነጋጋ ሲል ሴቶች መሀል ተቀምጬ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ በጣም ከሩቅ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ናቲ ነው። የሚለው አይለይም፤ ሦስት ነገር ብሎ እንደሚያቆም ግን ይታወቃል። ትንሽ ቆይቶ ቀረብ ካለው ሰፈር ካሳ ጠራ፤ ሸኮ ሸኮ የሚለውን አማርኛውን የት ቢሰማ አውቀዋለሁ። ከዚያ ደሳለኝ ከገበያው በኩል። እየተጠጉ መጡ። ከሩቁ ጀምሩ ያላቸው ሰው አልነበረም።

መጨረሻ ምትኩ በራችን ላይ ቆመ።

«ጋሽ ደምሴ» አለ። «ሚካኤል። ስድስት ሰዓት።»

ወይኔ አላለም። ድምፁ አልተሰበረም። ደጃችን ላይ ቆሞ እንኳ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ እኔን ያስተማረኝ ውስጥ ተኝቷል። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ያለቀስኩት ለአባቴ ብቻ መሰላቸው።

በስድስት ሰዓት የሚካኤል ግቢ ሞልቶ ሰው መንገዱ ላይ ቆመ። ከማዶም መጥተዋል። እኩል ደረሱ።

ጌም ቤቱ አሁን የቡና መጋዘን ነው። ምትኩ ጆንያ ተሸክሞ ይገባበታል፤ ባንኮኒው የነበረበት ቦታ የጆንያ መመዘኛ ቆሟል። ወንድማማቾቹ ቴፒ ናቸው፤ ታናሹ ሞተር ይነዳል። ናቲ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ጨዋታም ተወ። ዕድሩ ሌላ ጥሩምባ ገዛ። የአባዬ እኔ ዘንድ አለ።

እኔ ስልክ ጥገና እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጓሮ ውስጥ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ቲም ፋይት አስተምራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ከማሻ ድረስ በስልክ ይገባሉ። ጀንፈልና በቆሎ እደረድራለሁ። ምላሴ ትንሽ ረግባለች፤ ብዙ አይደለም።

የምነግራቸው አጭር ነው። ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት፤ ሌላ አትጨምሩ። ከሩቁ ጀምሩ። አባዬ የማይመጣ የለም፣ ያልሰማ ነው ያለው ይል ነበር፤ ሰምቶም የማይመጣ አለ፣ አይቻለሁ። ጠርታችሁት ያልመጣ ሰው ሲኖር ከመሳደባችሁ በፊት የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁና ፊቱን እዩት።